ጎሲፕና አበልጅነቴ

በሰፈራችን ዝምተኛ ሴት ተብዬ ነው የምታወቀው። ይህን ስም ያገኘሁት በልፋት አይደለም። ልጅ ሳለሁ መናገር እፈራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስይዝ ደግሞ ታይፒስት ሆንኩ፤ ታይፒስት ሌሎች ያሉትን ትጽፋለች እንጂ የራሷን አትናገርም። ጡረታ ስወጣ ዝምታው አብሮኝ ወጣ። ሰው ዝም ያለ ሁሉ ምስጢር ጠባቂ ይመስለዋል፤ እኔም ማንንም አላረምኩም። እድር ላይ ሴቶቹ ሰው ሲያሙ ቆይተው እኔ ስደርስ ጸጥ ሲሉ እንደ ክብር እቆጥረው ነበር። ምን ሲሉ እንደነበር ለማወቅ ግን አንጀቴ ያርር ነበር።

አሁን ዝምተኛዋ ሴት ያደረገችውን ልጻፍ።

አበልጄ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቅ አላት። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ሸማኔ ነበር፤ ወላጆቹ ከደቡብ መጥተው ተራራው ሥር ከሰፈሩት ናቸው። ጎረቤት ሆነን አንድ የውኃ ቧንቧ ስንጋራ ሴት ልጅ ወለደች፣ በሰማንያ ቀኗም ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሕፃኗን ታቅፌ፣ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ፣ በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ከነሥራው ካድኩት። ከሥራዎቹ መካከል ሐሜት ይኑርበት አይኑርበት ቄሱ አልዘረዘሩልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎታል። አበልጅ ማለት ዘመድ ማለት ነው፤ እንዲያውም ዘመድ በደም ይመጣል፣ አበልጅ ግን ተመርጦ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ደብተሮቿን የሸፈንኩላት እኔ ነኝ። ፈተና ስትወድቅ መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እኔ ነበር፤ ምክንያቱም እናቷ ትጮኻለች፣ እኔ አልጮኽም። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ስለዚህ ጉዳይ ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻ እጽፋለሁ።

ልጅቷ አግብታ ስታረግዝ አበልጄ ሱቋ ውስጥ ክር እየቆረጠች እንዲህ አለችኝ፦

«ሴት ከሆነች የምታነሻት አንቺው ነሽ። ወንድ ከሆነ ሰው እንፈልጋለን።»

«አርጅቻለሁ እኮ» አልኩ።

«ልታቅፊያት ነው እንጂ ልታዝያት ነው እንዴ? አንቺው ነሽ በቃ!»

«እሺ» አልኩ። ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ቤቴ ገብቼ ግን ከሳጥን ነጭ ጨርቅ አወጣሁና የሕፃን ቀሚስ ለካሁ፤ ወንድ ሊሆን እንደሚችል እያወቅኩ።

ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የልጅቷን ባል አየሁት። ፒክአፕ መኪና ላይ ፍራሽ እየጫነ ነበር። ፍራሹ ሰማያዊ ነው፤ በቀይ የፕላስቲክ ገመድ ታስሯል። አንድ ሻንጣና አንድ የብረት መደርደሪያም ነበር። ግራና ቀኝ አየ፣ ጋቢና ገባ፣ መኪናው ወደ ታች ሄደ። እኔ ከሰልፉ አልወጣሁም፤ ሰላምም አላልኩትም። ሰላም ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ሚስቱ ሰባት ወር የገባች ሰው ፍራሽ ይዞ የት ይሄዳል? ጥሏት ሄደ ማለት ነው። ይህን ለመደምደም የፈጀብኝ ጊዜ ከሰልፉ ሁለት ሰው እስኪቀንስ ድረስ ነው።

ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ፊቴ ቆሞ ረዳቱ ይጣራል። አልገባሁበትም። እናቷን ላስደነግጥ አልፈልግም አልኩ ለራሴ። ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ጥሩ ሰው ሆኜ ወደ ሰፈሬ ተመለስኩና ሽንኩርት ልገዛ ጉሊት ቆምኩ። ጉሊቷ ያለችው የሰፈራችን መግቢያ ላይ ነው፤ ወጪ ወራጁ ሁሉ በእሷ ፊት ያልፋል፣ ሁሉም ከእሷ ሽንኩርት ይገዛል።

«ምነው እትዬ? ፊትዎ ልክ አይደለም» አለች ነጋዴዋ።

«ምንም።»

«እንዴ ምንም! አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም» አልኩና ዙሪያዬን አየሁ። «አንቺ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ የጀመረ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው አልኩ።

«በስመ አብ!» አለች አፏን በእጇ ይዛ። «ፍራሽ?»

«ፍራሽ። ሰማያዊ። በቀይ ገመድ የታሰረ።»

«ውይ! ያቺ ልጅ ታዲያ ምን ልትሆን ነው? እናቷስ ሰምታለች?»

«የሰማች አይመስለኝም።»

«አንድ ኪሎ ላድርገው ግማሽ?»

«ግማሽ።»

በላዩ ላይ ሁለት ሽንኩርት መርቃ ጨመረችልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ መርቃልኝ አታውቅም።

በሁለት ሳምንቱ ጸጉር ቤት ሄድኩ። ጸጉሬን ታጥቤ፣ በቢጎዲን ተጠቅልዬ፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገባሁ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ካስክ ውስጥ ያለ ሰው አይሰማም ብለው ያምናሉ። ይሰማል። ትንሽ ጆሮን ማቅናት ብቻ ነው።

«ያቺ የሽሮ ሜዳዋ ሴትዮ ልጅ የለችም? ባሏ ጥሏት ሄደ እኮ» አለች አንዷ።

«ወይኔ! ነፍሰ ጡር አይደለችም እንዴ?»

«ታዲያስ! አዲሱ ገበያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ! ሰማያዊ ፍራሽ በቀይ ገመድ አስሮ፣ ሴትዮዋን ጋቢና አስቀምጦ።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ሌላዋን ነዋ! ጥፍሯን ቀይ የተቀባች።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በቃ ጎሲፕ ነው እንግዲህ፣ እኔ ምን አገባኝ!»

ሦስተኛዋ በክርኗ ጎሸመቻቸው። «ቀስ በሉ፣ እትዬ ጎሲፕ አይወዱም።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ጮክ አለች፦ «ማዘር፣ ሙቀቱ ይቀነስልዎ?»

ወሬው የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። ሰው የገዛ ልጁን በመንገድ ላይ ቢያገኘው፣ አድጎም ቢሆን፣ ይለየዋል። ፍራሹ የእኔ ነው። ገመዱ የእኔ ነው። ሴትዮዋ የእኔ አይደለችም። ነገር ግን ልናዘዝ፤ ካስኩ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ጋቢና ውስጥ ሰው ነበር እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ቀይ ጥፍሯን መስኮቱ ላይ ያየሁ እስኪመስለኝ ድረስ።

ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መዝገበ ቃላት መግለጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አበልጁ ይሮጥ ነበር። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በታይፕ ስመታ የከበደኝን ቃል ሁሉ የምፈልግበት ወፍራም መዝገበ ቃላት አለኝ፤ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ። ነገር ሲከብደኝ ወደ እሱ ነው የምሄደው። የፈለግኩት «ጎሲፕ» የሚለውን ነው። ልጆቹን ላርማቸው ነበር። እኔ የሠራሁት ጎሲፕ እንዳልሆነ፣ ቃሉ ለሌላ ነገር እንደሆነ የሚነግረኝ መስመር እፈልግ ነበር።

ልጆቹ ቃሉን የሚጠቀሙበት መንገድ ሁልጊዜም ይገርመኛል። ሐሜት ሲሉት ነገሩ ይከብዳል፤ ሐሜት ንስሐ ያስገባል፣ ጾም ያፈርሳል። አሉባልታ ሲሉት ደግሞ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይመስላል። ጎሲፕ ሲሉት ግን እንደ ከረሜላ ይቀላል። «ጎሲፕ አለኝ» ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ ማኪያቶ ትጋብዛታለች። ለሐሜት ማኪያቶ የጋበዘ ሰው አላውቅም። እኔ ለራሴ የምጠቀምበት ቃል ሦስቱም አይደለም። እኔ «የሰማሁት» ነው የምለው።

መዝገበ ቃላቱ የቃሉን የዛሬ ትርጉም ከሰጠ በኋላ በትንንሽ ፊደል የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራል። መነጽሬን ቀየርኩና አነበብኩ። ቃሉ ከሁለት የጥንት ቃላት የተገጠመ ነው ይላል፤ አንዱ እግዚአብሔር፣ ሁለተኛው ዘመድ። በእግዚአብሔር የተዛመደ ማለት ነው። በጥንት ዘመን እንግሊዞች ይህን ቃል የሚሉት የሌላ ሰው ልጅ ክርስትና ላነሳ ሰው ነበር።

አበልጅ ማለታቸው ነው።

ቁጭ አልኩና ቀጥዬ አነበብኩ። ቆየት ብሎ ቃሉ የቅርብ ወዳጅን ሁሉ መጥሪያ ሆነ። ቀጥሎ፣ ሴት ስትወልድ አልጋዋን ከበው የሚቀመጡትን ሴቶች መጥሪያ ሆነ። ገንፎ ይኑራቸው አይኑራቸው መዝገበ ቃላቱ አይልም፤ ሴቶች አራስ ቤት ተሰብስበው ዝም እንደማይሉ ግን እንግሊዝ አገርም ታውቋል። ስለዚህ ወሬ የምታበዛ ሴት በዚያው ስም ተጠራች፤ በመጨረሻ ወሬው ራሱ ስሙን ወሰደው። ክርስትና ማንሳቱ ተረሳ።

አንድ ቃል ከጥምቀት ተነስቶ ጸጉር ቤት ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመት ፈጀበት። እኔ ያንኑ መንገድ ከአዲሱ ገበያ እስከ ጉሊት ባለው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ጨርሼዋለሁ፤ ያውም ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይዤ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ አበልጄን በሩ ላይ አገኘኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደሩ?» አለችኝ።

እንደምን አደሩ! ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ተጣልተን እንኳ «አንቺ ድንጋይ!» ነው የምትለኝ፤ ያ ይበርዳል። እንዲህ ባለ አክብሮት የመጣ ቁጣ ግን ምን እንደሚያበርደው አላውቅም ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ አለፈችኝ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም አልልም፤ ተኝቻለሁ። ግን ምግብ አልጣፈጠኝም። ሐሙስ ዕለት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። እኚህ አባት የእኔም የአበልጄም ንስሐ አባት ናቸው፤ የሁለታችንን ቤት ጠበል ይረጫሉ። ለንስሐ አባት መንገር ሐሜት አይደለም ብዬ ነው የሄድኩት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆምኩ።

«አባ፣ አንድ ከባድ ነገር አለ።»

«ተናገሪ ልጄ።»

«አንድ ሰው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ሄዷል።»

«ባልሽ ነው?»

«እኔ ባል የለኝም፣ አባ።»

«አውቃለሁ። ታዲያ የማንን ኃጢአት ነው ተሸክመሽ የመጣሽው?»

«የ... ማለቴ የማውቀው ሰው ነው።»

«እሱ እግር የለውም? ይምጣና ይናዘዝ።»

«እሱማ አያውቅም፣ አባ።»

«ኃጢአቱን አያውቅም?»

«እንደሚታማ አያውቅም።»

«ማን አማው?»

አንድ እርግብ መጥታ ከአጠገባችን ፍርፋሪ ለቀመች። እሷን ሳይ ቆየሁ። «ሰፈሩ ሁሉ» አልኩ በመጨረሻ።

«ሰፈር ሁሉ በአንድ ጊዜ አፉን አይከፍትም። የሚጀምር ሰው አለ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በይ እንግዲህ፣ አሁን ንስሐ ጀመርን» አሉ መቋሚያቸውን አስተካክለው።

ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የሰው ኃጢአት ይዤ ንስሐ መግባቴን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይሞቃል። ስግደት አዘዙኝ፤ ጉልበቴ ካልቻለ ጸሎት እንዳበዛ ፈቀዱ። «ይህ ቀላሉ ነው» አሉ። «ከባዱ፣ ለልጅቷ እናት ሄደሽ በገዛ አፍሽ ትነግሪያታለሽ። ሽማግሌ አትላኪ፤ ደብዳቤም አትጻፊ።» ደብዳቤውን እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም። በልቤ ጀምሬው ነበር። የሰው ስም አልጠራሁም፣ እሳቸውም አልጠየቁም፤ እናቲቱ ማን እንደሆነች ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። አበልጄ ሱቋ በር ላይ ቆማለች።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ።

የምለው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቤቴ መስታወት ፊት ደጋግሜዋለሁ። «ነጠላ ፈልጌ ነበር» አልኩ። ነጠላ ገዝቼ ተመለስኩ። በሳምንቱ እንደገና ሄድኩ፤ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፣ እስኪወጡ ልጠብቅ ብዬ ጋቢ አገላበጥኩ፣ ሲወጡም ጋቢውን ገዛሁ። በሦስተኛው ማንም አልነበረም፤ ዝናብም ስለነበረ መንገዱ ጭር ብሏል። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሁለተኛ ጋቢ ገዛሁ።

«ጋቢ በዛብዎት» አለች እየጠቀለለችልኝ።

«ብርዱ...» አልኩ።

ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ሄዶ በልብስ እንደሚመለስ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አሁን ለሁለት ክረምት የሚበቃ አለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት የጉሊቷ ሴት ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት!»

«በምኑ?»

«የክርስትና ልጅዎ ወለደች አይደለም እንዴ! ሴት ናት። ትናንት ገንፎ በልተን መጣን።» ከዚያ ፊቴን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልነገሩዎትም እንዴ?»

ልጅቷ ከወለደች አምስት ቀኗ ነበር። ለገንፎ የተጠራው ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ካስክ አጠገብ ስታወራ የነበረችው የጸጉር ቤቷ ልጅ ሳትቀር። እኔ አልተጠራሁም። ሽንኩርት ሳልገዛ ዞር አልኩና ታክሲ ውስጥ ገባሁ። መስታወት ፊት የተለማመድኩት ንግግር አንዱም ትዝ አላለኝም።

አበልጄ ነጠላ እያጠፈች ነበር። ደንበኛ ይኑር አይኑር አላየሁም።

«አበልጄ፣ ወሬውን ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰማያዊ ፍራሽ በቀይ ገመድ!» ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃ ጫነ ብሎ ያልፋል። የገመድ ቀለም መዝግቦ የሚያወራ አንቺ ብቻ ነሽ እዚህ አገር!»

አንቺ አለችኝ። ሰማሁ፤ እንደሰማሁ ግን አላሳየሁም።

«ባልየው...» አልኩ።

«ባልየው የትም አልሄደም! ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ነው። ከተማው ጫፍ ላይ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ቦታ። ሳያልቅ አይወራም ብለው፣ ልጄም ብንርቅ እናቴ ትከፋለች ብላ ደበቀችኝ። እሱ ጠዋት ጠዋት ዕቃ ያመላልሳል። እኔ የሰማሁት ግን ከሌላ ሴት ጋር ሄደ ተብሎ ነው። ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። በሩን ማን ከፈተልኝ? እሱ! ቀለም ሲቀባ ውሎ መጥቶ እጁ ሁሉ ነጭ ነው። ምን አልኩት መሰለሽ? አንተ ወሮበላ፣ ሴትዮዋን የት አደረስካት አልኩት። ልጄ እዚያው ቆማ ሆዷን ይዛ አየችኝ።»

«ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«ጋቢ ሰጠሁት።»

ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

«የተናደድኩት ስላወራሽ አይደለም» አለች ከዚያ ቀስ ብላ። «ሰው ያወራል። እኔም አወራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እዚህ ቆሜ ሌላ ምን እሠራለሁ? ግን ያየሽውን ለሽንኩርት ሻጭ ነግረሽ እኔን ዘጋሽኝ። አበልጅሽ አይደለሁም እንዴ? መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚነገረው።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«ደነገጥኩ እኮ! ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ ደነገጥኩ!»

መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያነበብኩት ትዝ አለኝ፤ ቃሉ በደጉ ዘመኑ ወሬ የሚነገረው ወዳጅ ስም ነበር። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። በእንግሊዝኛ የሚመጣ ሰበብ አትወድም።

ነጠላውን አንስታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «ሌላም ነገር አለ። ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ሕፃኗን የምታነሳት ሌላ ሴት ናት። የልጄ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ፤ ቤቷ እዚያው አዲሱ ሕንፃ ላይ ነው።»

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«ለቅርበቱ ነው ትላለች።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ አልጠየቅኳትም። አንቺም አትጠይቂያት።»

«እሺ» አልኩ።

ቤቴ ገብቼ የለካሁትን ነጭ ጨርቅ አጥፌ ሳጥን ውስጥ መለስኩት። በሳምንቱ አራሷን ልጠይቅ ሄድኩ። የክርስትና ልጄ ብድግ ልትል ስትል ከለከልኳት። ሕፃኗን አቀበለችኝ፤ ታቀፍኳትና መለስኩላት። ባልየው ለስላሳ አምጥቶልኝ ቆመ። አንድ ቃል አላለኝም፤ በጣም ጨዋ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ከአዲሱ ገበያ ሰልፍ ወጥቼ ሰላም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ሰማንያው ቀን የዋለው ቅዳሜ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጋቢ ያስፈልገዋል፣ ጋቢ ደግሞ አላነሰኝም። ከክርስትና ቤቱ በር ራቅ ብዬ፣ ከኋላ ቆምኩ። አዲሷ የክርስትና እናት ወጣት ናት፤ ከፊት ቆማ ሕፃኗን ይዛለች። ወደ ምዕራብ ስትዞር አብሬያት ልዞር ነበር። እግሬ ተነሳ፤ መለስኩት። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ጥሩ ድምፅ አላት። እኔ ምንም አልሆንኩም። ነጠላዬን ብቻ ደጋግሜ አስተካከልኩ።

ዞር ስል አበልጄ አጠገቤ ቆማለች። የሕፃኗ አያት ናት፤ ቦታዋ ከፊት ነበር። ፊቷን ወደ ቄሱ አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «አያያዟን አየሽው?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ጸሎት ላይ ናቸው።»

«አንገቷን አልደገፈቻትም እኮ! ላፕቶፕ መሰለቻት እንዴ?»

«ወጣት ናት፣ ትለምዳለች።»

«ቀሚሱንስ? የፋብሪካ ነው። የሸማኔ የልጅ ልጅ በፋብሪካ ቀሚስ ክርስትና ስትነሳ ባሌ ቢያይ ምን ይል ነበር?»

ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። አጎንብሼ በጆሮዋ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አንድ ዲያቆን ዞር ብሎ አየን፤ ሁለት አሮጊቶች ቀጥ ብለን ቆምን።

ዲያቆኑ ፊቱን ሲመልስ እንደገና ተጠጋችኝ። «ማክሰኞ አዲሱ ቤት እሄዳለሁ። ሦስት ታክሲ ነው አሉ።»

«ሩቅ ነው» አልኩ።

«ሩቅ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ብቻዬን ምን አወራለሁ?»

«ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» አልኳት።

«ሁለት ሰዓት። እንዳታረፍጂ።»